መጀመሪያ ጠይቁት

እንደምን አረፈዳችሁ! ከቂሊንጦ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን የመጣችሁ፣ የቃሊቲን የከባድ መኪና ሰልፍ አልፋችሁ በሰዓቱ መድረሳችሁ ያስመሰግናል። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ የሰዓት ፊርማ ባለመኖሩ ደስ ብሏችኋል፣ አይቻለሁ።

የፈረቃ መሪ፣ የሰው ሀብትና የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ አንድ ላይ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ሠራተኛ በጥፋት ሲጠረጠር ነገሩ እንዴት ይጣራ የሚለውን፣ ሳይበላሽ እናውራ።

እንዲህ እንበል። ከመጋዘን ሁለት ጥቅል ጨርቅ ጠፋ። የፈረቃ መሪው የሌሊቱን ሠራተኛ «እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለ። በማግስቱ ይኸው መሪ ክሱን ጻፈ፣ ምስክሮቹን ራሱ መርጦ ጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ እጁን አወጣ። ሠራተኛው የተጠራው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም «እዚህ ጋ ፈርም» ለመባል። ልጁ ሰርቆም ሊሆን ይችላል እኮ! ግን ማን አጣራ? ቁልፉ ስንት ሰው እጅ ላይ እንዳለ የጠየቀ የለም። የገቢና የወጪ ደረሰኙን ያመሳከረ የለም። ካሜራውም የቆየውን እየሰረዘ በላዩ ላይ ይቀዳል፤ ቶሎ ካልተገለበጠ ልጁን የሚያስጠይቀውም ነፃ የሚያወጣውም ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ክሱን ያቀረበ ሰው አይመርምር፣ አይወስንም። ምስክር ለየብቻው ይሰማ፤ አምስት ሰው አንድ ክፍል ሰብስባችሁ ብትጠይቁ የምትሰሙት የአንዱን ቃል ነው። ሠራተኛው ምን እንደተባለበት በጽሑፍ ይድረሰው፣ የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠው፣ «እነ እገሌም ይጠየቁልኝ» ካለ ይጠየቁ። ቋንቋም አለ። ከኮዬ ፈጬ የምትመጣ ልጅ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ እየቀላት፣ አማርኛ ትሰማለች ብለን ቃሏን በቢሮ አማርኛ ጽፈን ብናስፈርማት፣ ያ የእሷ ቃል ሳይሆን የጸሐፊው ነው። የምታምነው ሰው ያስተርጉምላት፣ ተነቦላት ትፈርም።

አሁን ወደ ሕጉ፣ አጠር አድርጌ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። ለምሳሌ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ወይም 5 ቀን መቅረት። ግን ሁለቱም ላይ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ እንደነበር ይፈለጋል። «በአፍ ነግሬዋለሁ» አያስኬድም፣ ወንድሜ። ሲሰናበት ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ይሰጠው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ ደግሞ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ ቀኑን ፈርቶ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ሌላው ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ሠራተኛው ሲያስቸግረው ብቻ ያወጣዋል። ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ፣ ጥፋትን እንደ መያዣ ማስቀመጥ ነውና። ሠራተኛውን ለጊዜው ከሥራ ማገድም ቢሆን የኅብረት ስምምነታችሁ፣ ማኅበሩና አሠሪው የተዋዋሉት ማለቴ ነው፣ ከፈቀደ ከ30 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ እሱም ለማጣሪያ እንጂ ለቅጣት አይደለም። ደግሞ አሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ሕጉ በግልጽ ይላል፤ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ በጠየቀች በሳምንቱ ድንገት «ጥፋት» የተገኘባት ሠራተኛ ካለች፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ያ አጋጣሚ ነው።

የማኅበር ሰዎች፣ እናንተንም አልምራችሁም። አባል ስለሆነ ብቻ «ንጹሕ ነው» ብላችሁ ከገባችሁ፣ ያ የፈረቃ መሪ «እሱ ነው» ካለው በምን ይለያል?

በሉ አሁን ቡና እንጠጣ። ስንመለስ የየድርጅታችሁን የዲሲፕሊን ቅጽ ይዛችሁ ግቡ። ክሱ አንድ ገጽ ተኩል ተሰጥቶት የሠራተኛው መልስ ሁለት መስመር ብቻ የተሰጠው ቅጽ ካለ፣ ከእሱ እንጀምራለን።