የሸጥነው ዕረፍት ከማን ላይ ይነሳል?
(ጅማ ላይ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ሊቀመንበሩ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ባልደረቦች፣ ከጅማ ከተማና ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፤

እንኳን ደኅና መጣችሁ። ጅማዎች ደግሞ «ባጋ ነጋን ዱፍተኒ» ብላችሁ ስለተቀበላችሁን ገለቶማ።

የዓመቱን ሪፖርት ዋና ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ኦዲተራችን ስለሚያቀርቡ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የተሰጠኝን ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ ላውለው፤ ኦፍ ቀንን፣ ማለትም የዕረፍት ቀንን ስለመሸጥ። ስብሰባ ላይ ሲነሳ ሁላችንም አንገታችንን የምንደፋበት፣ ሻይ ሰዓት ላይ ግን የማያወራበት ሰው የሌለ ጉዳይ ነው።

ከሙያው ውጪ ለሆናችሁ እንግዶቻችን በአጭሩ ላስረዳ። የፓይለትና የበረራ አስተናጋጅ የወር ሮስተር (የሥራ ድልድል) ሲወጣ በረራ፣ ስታንድባይ (ለጥሪ ተዘጋጅቶ የሚጠበቅበት ቀን) እና ኦፍ ቀን ተለይተው ይቀመጣሉ። ሰው ሲታመም፣ አውሮፕላን ሲበላሽ ወይም ጭጋግ በረራ ሲያዘገይ ባለቤት ያጣ በረራ ይፈጠራል። መጀመሪያ የሚጠራው ስታንድባይ ያለው ነው። ስታንድባዩ ሲያልቅ ስኬጁል ክፍሉ ኦፍ ላይ ላለው ሰው ይደውላል። የተቀበለ ሰው ከመደበኛ ሰዓቱ በላይ ለበረረው ይከፈለዋል። እዚህ ድረስ ማንም አልበደለም። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤቱ፣ ዕቁቡ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስልኩን ያነሳውን ባልደረባ ስግብግብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ጥሪ የየወሩ ልማድ ሲሆን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት ሥራን የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ነው። መጠኑንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። የበረራ ሠራተኛ ሰዓት በአቪዬሽን ደንብ ለብቻው የሚመራ ቢሆንም፣ የአዋጁ ሐሳብ ለኛም ይጠቅማል፦ ትርፍ ሰዓት የድንገተኛ ጉድለት መሸፈኛ ነው፤ የቅጥር ምትክ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ 40 ካፒቴኖች አሉ እንበል፤ መደበኛው የወር በረራ ደግሞ 80 ሰዓት ይሁን። እያንዳንዱ ካፒቴን በወር 10 ሰዓት ብቻ ቢጨምር 400 ሰዓት ይሆናል። ይህ የ5 ካፒቴኖች የወር ሥራ ነው። የሰው ኃይል ዕቅድ የሚያወጣው ክፍል ግን የሚያየው ወሩ ያለ ስረዛ ማለቁን ነው፤ ስለዚህ «ሰው አይጎድለንም» ብሎ ይጽፋል። 5 ረዳት ፓይለቶች ወደ ካፒቴንነት የሚያድጉበት ኮርስ ይዘገያል። እነሱ ወንበራቸውን ስላልለቀቁ ከታች ያሉት ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ትልቁ አይሸጋገሩም፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ጥሪ የሚጠብቀው ወጣትም ይጠብቃል። ማንም አላባረራቸውም፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈባቸውም። አሥር አሥር ሰዓት ሆኖ ስለተከፋፈለ ጉድለቱ አይታይም።

ሌላው ጉዳት እዚያው ወር ውስጥ የሚታይ ነው። በአውሮፓ ደንብ የበረራ ሰዓት በተከታታይ 28 ቀናት ከ100፣ በተከታታይ 12 ወራት ከ1,000 አይበልጥም፤ የአሜሪካውም 672 ሰዓት (28 ቀን ማለት ነው) እና 365 ቀን ብሎ የሚቆጥረው ተመሳሳይ ጣሪያ አለው። የየራሳችን ማኑዋል የሚለውን ደግሞ እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ በወሩ መጀመሪያ ሦስት ትርፍ በረራ የወሰደ ሰው በ24ኛው ቀን 97 ሰዓት ላይ ደረሰ እንበል። በማግስቱ ሮስተሩ ላይ የነበረው የ7 ሰዓት በረራ የግድ ከእሱ ይነሳል። ያ በረራ የሚወድቀው ስታንድባይ ላይ ባለችው ባልደረባው ላይ ነው። እሷ ስትሄድ ስታንድባዩ ባዶ ይሆናል፤ ማታ አንድ ሰው ቢታመም ስኬጁል ክፍሉ እንደገና ኦፍ ላይ ላለ ሰው ይደውላል። ትርፍ ሰዓት ሌላ ትርፍ ሰዓት ይወልዳል ማለት ነው። በዓመቱ ጣሪያም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ በበጋው የተለቀመው ሰዓት ክረምት ላይ፣ ዳያስፖራው በሚጎርፍበትና ሰው በእጅጉ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ካፒቴኑን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ሸክሙን የሚሸከሙት ምንም ያልሸጡት ናቸው።

የአገር ውስጥ በረራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለባችሁ። ከቦሌ ጅማ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አራት እንዲህ ያለ በረራ የበረረ ሰው የሚቆጠርለት የብሎክ ሰዓት፣ ማለትም አውሮፕላኑ ከመነሻው ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ፣ 4 አካባቢ ነው፤ ሥራ ላይ የቆየው ግን ሪፖርት ካደረገበት (ለሥራ ከቀረበበት) ጀምሮ 8 ወይም 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ድካሙ ያለው አራቱ መነሳትና አራቱ ማረፍ ላይ፣ በክረምት ደመና መካከል መንገድ እየፈለጉ መሄዱ ላይ ነው። ለዚህ ነው የአውሮፓው ደንብ ሁለት አባላት ባሉት ኮክፒት 13 ሰዓት የሚደርሰውን የሥራ ጊዜ ከሦስተኛው በረራ ጀምሮ በየበረራው 30 ደቂቃ እየቀነሰ፣ አራት በረራ ላይ 12 ሰዓት የሚያደርሰው። ክፍያው በብሎክ፣ ድካሙ በሥራ ሰዓት ስለሚቆጠር «አራት ሰዓት ብቻ ናት» የሚለው አባባል ሰውን ያታልላል።

አስተናጋጆቻችንን ብዙ ጊዜ እንረሳቸዋለን። በተለመደው ስሌት ለየ50 መቀመጫ አንድ አስተናጋጅ ይመደባል፤ 78 መቀመጫ ባለው ኪው 400 ላይ ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዷ ትርፍ ሰዓት ላይ ሆና ከደከመች፣ የበሩን፣ የድንገተኛ መውጫውን፣ የታመመውን መንገደኛ ኃላፊነት ሌላዋ በግማሽ ረዳት ትወጣዋለች። በረራ ሲዘገይም በአውሮፓው ደንብ ካፒቴኑ የሥራ ጊዜውን በራሱ ውሳኔ እስከ 2 ሰዓት ማራዘም ይችላል፤ ነገር ግን ከመወሰኑ በፊት የሁሉንም የበረራ አባላት ንቃት መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ በተግባር «ሁላችሁም ደኅና ናችሁ አይደል?» ሆኗል። ካፒቴን እንዲህ ብሎ ከጠየቀ ማን አይደለሁም ይላል? «ስንት ሰዓት ላይ ነቃሽ? ትናንትስ ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ኮክፒቱ። በ1985 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን አንድ የዲሲ 8 ጭነት አውሮፕላን ኩባ ውስጥ ጓንታናሞ ላይ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ሦስቱም የበረራ አባላት ክፉኛ ቢቆስሉም ተርፈዋል። ሌሊቱን ሲበሩ አድረው ሥራቸውን ጨርሰዋል ከተባለ በኋላ የተጨመረባቸው በረራ ነበር። አደጋው ሲደርስ ካፒቴኑ 23 ሰዓት ከግማሽ፣ ረዳቱ 19፣ የበረራ መሐንዲሱ 21 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ቆይተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የበረራ አባላትን ድካም የአደጋ ምክንያት ብሎ ያስቀመጠበት የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው። የካፒቴኑ ሐሳብ በዚያ ሰዓት በማይበራ የወሰን ምልክት መብራት ላይ ተተክሎ ነበር፤ ባልደረቦቹ የፍጥነቱን መቀነስ ቢያነሱም አልገባውም። የደከመ ካፒቴን በመጀመሪያ የሚያጣው ከአጠገቡ ያለውን ሰው የመስማት ችሎታ ነው። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት 14 ቀን ሕንድ ውስጥ ማንጋሎር ላይ 158 ሰዎች ባለቁበት አደጋም ካፒቴኑ ከረጅም እንቅልፍ ተነስቶ ወደ ማረፍ ሲገባ፣ ረዳቱ ደጋግሞ «ጎ አራውንድ» (ማረፉን ትተህ እንደገና ተነሳ) ቢለውም አውሮፕላኑን መሬት አሳርፎታል። ትርፍ ሰዓት የወሰደ ሰው «ድካሙ የራሴ ነው» ሲል ይህን ያስብ።

የተለመደውን የሌሊት ጥሪ እንይ። ኦፍ ላይ ያለ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ነቃ፤ ቀኑን ጉዳዩን ሲፈጽም ዋለ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተደውሎለት ማታ 4 ሰዓት ሪፖርት አደረገ፤ የሚያርፈው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ኦፍ ላይ ነበረ፣ የሥራ ጊዜውም 7 ሰዓት ነው። የድካም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን መለኪያ ግን እንሞክርበት። መለኪያው ሦስት ነው፦ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ባሉት 48 ሰዓታት ቢያንስ 12 ሰዓት መተኛት፤ ከነቃህበት እስከ ሥራው ማብቂያ ያለው ጊዜ ደግሞ በ48ቱ ሰዓት ከተኛኸው እንዳይበልጥ። ይህ ሰው ሁለት ሌሊት ስምንት ስምንት ሰዓት ተኝቶ ከሆነ ሁለቱን ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ 16 ሰዓት ተኝቶ ሲያርፍ 23 ሰዓት ነቅቶ ነበርና። 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ብቃት 0.05 በመቶ አልኮል ደሙ ውስጥ ካለ ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። በዚያ ላይ ማረፊያው ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋት 12 ባለው፣ ሰውነት በሚያንቀላፋበት ጊዜ ውስጥ ነው።

ያው ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተነግሮት ቢሆን ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ጋደም ይል ነበር፤ እስከ ማረፊያው ያለው የንቃት ጊዜም 11 ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር። ልዩነቱ የተደወለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሥራ አስኪያጆች ጋር በምናደርገው ድርድር ላይ ከገንዘቡ ይልቅ ይህን እንድናስቀድም እጠይቃለሁ፤ ለሌሊት በረራ ኦፍ ላይ ያለ ሰው የሚጠራ ከሆነ ጥሪው ረፋድ ላይ ይሁን።

ስለ ቡና ጅማ ላይ ቆሞ ክፉ መናገር አይቻልም፤ አልናገርምም። ግን ቡና እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ማረፊያ አካባቢ የተጠጣው በረካ፣ ሆቴል ስትደርሱ የምትተኙትን እንቅልፍ ይበላዋል። ኮክፒት ውስጥ በደንቡ የሚፈቀደው አጭር ዕረፍትም ቢሆን የሚሠራው ሌላው ፓይለት ንቁ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱም ትርፍ ሰዓት ላይ ከሆኑ ማን ማንን ይጠብቃል?

ቤተሰቦቻችሁ ጅማ ሆነው እናንተ ከቦሌ የምትነሱ አባላት ደግሞ አላችሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። በመኪና ያለቀው ቀን እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ስኬጁል ክፍሉም አያየውም። ኦፍ ላይ ሳላችሁ ተደውሎላችሁ ጅማ ከሆናችሁ «ጅማ ነኝ» ማለት በቂ ምክንያት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሥራ አስፈፃሚው ለዚህ ጉባኤ ያቀረበው ረቂቅ ከፊታችሁ አለ። ዋና ዋናውን ላንሳ። በ28 ቀን ውስጥ 85 ሰዓት የደረሰ አባል የትርፍ በረራ ጥሪ እንዳይቀበል። በየወሩ በትርፍ ሰዓት የተሸፈነው ድምር ሰዓት ያለ ስም እንዲለጠፍና ለ80 ተካፍሎ ስንት ሰው እንደጎደለ በግልጽ እንዲታይ፤ እንደኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፣ ያልታየ ጉድለት ተደራድረንበት አናውቅምና። የድካም ሪፖርት የሚሞላ ሰው «ደክሞኛል» ብሎ እንዳይተው፤ የነቃበትን ሰዓት፣ በ24ና በ48 ሰዓት ውስጥ የተኛውን፣ የተደወለለትን ሰዓትና ድካሙ የተሰማው በየትኛው የበረራ ክፍል እንደሆነ እንዲጽፍ። ቁጥር ያለበትን ሪፖርት ማንም «ስንፍና ነው» ብሎ ሊመልሰው አይችልም።

85 የሚለው ላይ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ዝቅ ያለ ነው የሚሉ አሉ፤ በተለይ ቤት እየሠሩ ያሉ። ከፍ ይበል የሚልም ዝቅ ይበል የሚልም ከሰዓት በኋላ መድረኩ ክፍት ነው፤ የምጠይቀው እጃችሁን ስታወጡ የራሳችሁን የባንክ ደብተር ብቻ ሳይሆን ስታንድባይ ላይ ያለችውን ባልደረባችሁን ሮስተርም አብራችሁ እንድታዩ ነው።

ዋና ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል፤ መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ።