ንፍፊት፦ ጉንፋን ሲይዘን አንገታችን ለምን ያብጣል?

[ምስል፦ ሠፈር ውስጥ በባዶ እግሩ ኳስ የሚጫወት ልጅ፤ አውራ ጣቱን እንቅፋት ይመታዋል።]

ተራኪ፦ ልጅ ሆናችሁ እንቅፋት መትቷችሁ ያውቃል? የቆሰለው ጣታችሁ ነው፤ በማግስቱ ስትነሱ ግን የሚያነክሳችሁ ብሽሽታችሁ ነው። ስትዳብሱት ከጣት ሥር የምትሙለጨለጭ፣ ሲነኳት የምታም እብጠት። እናት አየት አድርጋ «ንፍፊት ነው፣ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል» ትላለች። ልክ ናት። ዛሬ የምናወራው ስለዚያችው ንፍፊት ነው፤ በጉንፋን ጊዜ አንገት ላይ ስትወጣ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ ሁላችንም እንደነግጣለን።

[ምስል፦ የሰው አካል ሥዕል፤ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ነጥቦች ይበራሉ።]

ተራኪ፦ ሰውነታችን ውስጥ 600 ገደማ የሊምፍ እጢዎች አሉ፤ ንፍፊት የምንለው የእነሱን ማበጥ ነው። ከየአካሉ የሚሰበሰበው ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በእነሱ በኩል ያልፋል። በእግር ቁስል የገባ ጀርም ብሽሽት ላይ ይያዛል፤ በአፍንጫና በጉሮሮ የገባ ቫይረስ ደግሞ መንጋጋ ሥርና አንገት ጎን።

ከዚያስ? ጠባቂ ሕዋሳት የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው እጢው ውስጥ ይገቡና ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። ያንን ቁራጭ ለይተው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም መራባት ይጀምራሉ። በጥቂት ቀን እጢው ይሞላል፣ ሽፋኑ ይወጠራል። የሚያማችሁ ውጥረቱ ነው። ትኩሳቱ ለቆ፣ ንፍጡም ደርቆ እብጠቱ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ የተራባው ሁሉ በአንድ ሌሊት አይበተንም። ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው።

[ምስል፦ መስታወት ፊት የቆመች ሴት፤ በሁለት ጣቶቿ መንጋጋዋ ሥር ደጋግማ ትጫናለች።]

ተራኪ፦ ይቺን ሴት አውቃታለሁ፤ እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ሽምብራ የምታህል እብጠት አገኘሁና በቀን አሥር ጊዜ ስጫናት ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ይበልጥ አመመችኝ። ባታምም ይገርም ነበር! አትነካኩት። በቅቤ አይታሽ፣ በጋለ ብረትም አይተኮስ። መተኮስ የሚያተርፈው አዲስ ቁስል ነው፤ ቁስሉ ደግሞ ሌላ ንፍፊት ያመጣል።

ሕመሙን ለማስታገስ በሞቀ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል አንገት ላይ ማድረግ ይረዳል። ጉሮሮ ካመማችሁ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፣ አትዋጡት። የምስር ሾርባ፣ የአጃ አጥሚት፣ ሻይ በዝንጅብል፤ ለመዋጥ የሚቀል ማንኛውም ነገር ጥሩ ነው። ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ የልጅ መጠን በኪሎው ስለሚሰላ ባለሙያ ጠይቁ። ለልጅ አስፕሪን ግን አይሆንም፤ በቫይረስ ሕመም ጊዜ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ፣ ብርቅ ቢሆንም አደገኛ ሕመም ሊያስነሳ ይችላል።

[ምስል፦ የመድኃኒት ቤት መስኮት፤ በእጅ የተያዘ የአሞክሳሲሊን ፓኮ።]

ተራኪ፦ «ቶንሲል ይሆናል» ብሎ አሞክሳሲሊን መግዛት ልማዳችን ሆኗል። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ከዚህም በላይ በወጣቶች ላይ አንገትን በሁለቱም ጎን የሚያሳብጥ፣ ለሳምንታት የሚያደክም ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ አለ፤ እሱ የያዘው ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ ገላው በሽፍታ ይሞላል። ይኸው ቫይረስ ጣፊያንም ስለሚያሳብጥ፣ ኳስና ትግል የሚወድ ልጅ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ያርፍ።

ሌላም የሚያደናግር አለ፦ ጆሮ ደግፍ። እሱ የሚያሳብጠው ከጆሮ ፊትና ሥር ያለውን የምራቅ እጢ ነው፤ የመንጋጋው ማዕዘን ይሸፈንና ጉንጭ የተነፋ ይመስላል። ንፍፊት ግን በጣት የምትለይ ፍሬ ናት።

[ምስል፦ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፤ አንድ ቀን በእስክሪብቶ ይከበባል።]

ተራኪ፦ እብጠቱን ያያችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉ። መተንፈስ ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ ቀን አይቆጠርም፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። አንዱ ጎን ብቻ ቀልቶና ግሎ ካበጠ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዩ። አራት ሳምንት አልፎት ያልቀነሰ፣ እያደገ የሚሄድ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም አንገት ግርጌ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ጉሮሮ ሥር ከተዘረጋው አጥንት በላይ የወጣ እብጠትም ይመርመር። የሌሊት ላብና ክሳት ከተጨመረማ አትዘግዩ።

እኛ አገር በተለይ የእጢ ቲቢ አለ። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሳል ላይኖርም ይችላል፤ ሰው ወራት የሚቆይበት ለዚህ ነው። የአክታ ምርመራ ነጻ ነህ ቢልም አይበቃም፤ ናሙናው በቀጭን መርፌ ከራሱ ከእጢው ይወሰዳል። ከተገኘ ሕክምናው 6 ወር ነው፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።