አራተኛ ዳውን ላይ አለመጠለዝ

እሺ ሰላም ሰላም፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ። ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው የማወራችሁ፣ 12 አሸንፈው 5 ብቻ ስለተሸነፉበት ስለ 2024 ሲዝናቸው። አዎ የአሜሪካኖቹ ኳስ፣ ባለ ሄልሜቱ፣ ቆይ አትዝጉት።

አሁን ምን አስነሳህ ካላችሁ፣ ሥራ ቦታ አንድ ልጅ አለ ያ ሲዝን ዕድል ነው ብሎ ሙጭጭ ያለ። ማስረጃውም በ2025 ተመልሰው ወድቀው 5 አሸንፈው 12 መሸነፋቸው ነው። እኔ ደግሞ አይዋጥልኝም።

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ይሄ ቡድን እኮ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ማለት የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ የወሰደ ነው፣ የመጨረሻው ግን በ1991 ሲዝን ነው በቃ ከዛ ወዲህ የለም። የድሮ ስሙ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ይሰድባል ተብሎ በ2020 ተጣለ፣ ከዛ ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም እየተባለ ኖረ፣ በ2022 ኮማንደርስ ሆነ። በ2023 ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፣ በዛው ዓመት 4 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እሁድ እሁድ መኪና የሚያቆመው ሰው የዳላስ ካውቦይስን ኮፍያ አድርጎ ሲወርድ አያለሁ የፊላደልፊያ ኢግልስን አያለሁ፣ የገዛ ከተማውን ቡድን ወይን ጠጅ ኮፍያ የሚያደርግ ግን ከስንት አንዴ፣ እሱም ያረጀ።

ከዛ አዲስ አሰልጣኝ ዳን ክዊን መጣ፣ በድራፍት ደግሞ፣ ቡድኖች ከኮሌጅ ልጆች ተራ በተራ ሲመርጡ፣ በሁለተኛ ምርጫ ኳርተርባኩን፣ ኳሷን የሚወረውረውን፣ ጄይደን ዳንኤልስን ከኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱ። እኛ ጋ ሐበሻው ሁሉ ዳኒ ነው የሚለው።

ዕድል የሚሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የኦክቶበር 27ቱን የቺካጎ ቤርስ ጨዋታ ነው። እውነትም ጉድ ነው። የቺካጎው ኳርተርባክ ኬሌብ ዊልያምስ ደግሞ እዚሁ ዲሲ የተወለደ ልጅ ነው፣ የኛው ዳኒ ነው ከካሊፎርኒያ የመጣው። ቺካጎ 15 ለ 12 እየመራ ሁለት ሰከንድ ቀርቷል። ዳኒ ባለፈው ሳምንት ጎድኑን ተጎድቶ መጫወቱም አጠራጥሮ ነበር፣ ኳሷን ይዞ ወደዚህ ሮጠ ወደዚያ ሮጠ፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲያሳድዱት ቆይቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራት። አንዱ የቺካጎ ተከላካይ ያቺ የመጨረሻ ሙከራ ተጀምራ እንኳን ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ ሲያበሽቅ ነበር፣ ሮጦ ደረሰና ዘሎ ነካት፣ የነካት ኳስ ደግሞ ከግርግሩ ጀርባ ብቻውን ለቆመው ለኖአ ብራውን እጁ ላይ ዱብ። 18 ለ 15! ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮው ጮኸ እኛም ጮህን፣ አንዲት ሴትዮ ቲኬቷን እንደያዘች ምን ሆናችሁ ትላለች።

እሺ ይሄ ዕድል ነው፣ አልከራከርም። ግን አራተኛ ዳውንን እዩልኝ። ዳውን ማለት ሙከራ ነው፣ 10 ያርድ ለመሄድ አራት አለህ፣ በሦስቱ ካልሞላልህ የለመደው ነገር በአራተኛው ኳሷን ጠልዘህ ለተጋጣሚ መስጠት ነው፣ ምክንያቱም ሞክረህ ካልተሳካ እዛው የቆምክበት ይረከቡሃል። ክዊን ግን ብዙ ጊዜ ሂዱ ነው የሚለው። በመደበኛው ሲዝን 23 ጊዜ ሞክረው 20ው ተሳካ። ሃያው! ይሄንን ዕድል ካልከኝ በቃ ኳስ አናውራ። ልጁ ጀማሪ ነው፣ አሰልጣኙ ግን ሌላው በሚጠልዝበት ሰዓት ኳሷን እሱ እጅ ላይ ይተዋታል፣ ልጁም አይደነግጥም። ሲዝኑን 12 አሸንፈው የጨረሱት በዚህ ነው እንጂ በአንድ ተአምር አይደለም።

ፕሌይኦፉ፣ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ፣ ላይ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20 ሲያሸንፉም ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ምት ነው፣ የዜን ጎንዛሌዝ ኳስ ቋሚውን ገጭታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ቡድኑ ፕሌይኦፍ ሲያሸንፍ ከጃንዋሪ 2006 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከሷ በፊት ግን አራተኛ ዳውን ላይ፣ ጎሉ አፍ ሆነው፣ ፊልድ ጎል፣ በእግር መትቶ 3 ነጥብ፣ ይበቃናል ሳይሉ ለቴሪ መክሎሪን ወርውረው ታችዳውን፣ ባለ 6 ነጥቡን፣ አግብተዋል። ያቺ ባትኖር ቋሚውም ምኑም የለም። በሳምንቱ ዲትሮይት ሄደው በመደበኛው ሲዝን 15 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈውን ላየንስ በሜዳው 45 ለ 31 አሸነፉት። እዚህ ላይ ያ የሥራ ቦታው ልጅ ራሱ ዝም አለ፣ ለጊዜው።

ከዛማ ፊላደልፊያ። 55 ለ 23 ተሸነፉ፣ ምን ይባላል። የኢግልሱ ሰይኳን ባርክሊ ቡድኑ ኳስ ይዞ ባደረገው የመጀመሪያ ሙከራ 60 ያርድ ሮጦ አገባ፣ የኛዎቹ ደግሞ አራት ጊዜ ኳስ አስረከቡ። እኔ ከሱ ጨዋታ የማልረሳው የኛውን ተከላካይ ፍራንኪ ሉቩን ነው። አራተኛው ኳርተር ነው፣ ኢግልስ መስመሩ ላይ ተደራርበው ኳርተርባካቸውን ከኋላ ሊገፉት ነው፣ ሉቩ ኳሷ ሳትነሳ ከላያቸው ዘሎ ወደቀ፣ ቅጣት። እንደገና ዘለለ፣ አሁንም ቅጣት። ሌላ ጓደኛው ደግሞ ቀድሞ ገባ። ዳኛው ማይክ ከፍቶ እንዲህ ከቀጠላችሁ ነጥቡን እንዲሁ ልንሰጣቸው እንችላለን አለ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቲቪው ጋ ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ገፍተው አገቡት።