በልቼ ልየው፦ ጃፓንኛን በአማርኛ በር

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ። ስለ ጃፓንኛ ላወራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዱ “ከየት ልጀምር?” ይላል። ሌላው “ኤን3 ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ምን ይሻላል?” ይላል። ኤን የሚባሉት የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃዎች ናቸው፤ ከኤን5 ተነሥቶ እስከ ኤን1 ይወጣል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። ጀማሪን የሚያስጨንቀው ነገርና መሐል መንገድ ላይ ያለውን የሚያስጨንቀው ነገር አይገናኝም። እኔ አሁን ለኤን1 እየተዘጋጀሁ ነው፣ የመጨረሻው ደረጃ ማለት ነው። እስከዚህ ስመጣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ የተቸገርኩት በሌላ ነገር ነው። እሱን ልንገራችሁ።

ጃፓንኛን የጀመርኩት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ የጃፓንኛውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ አዞረዋለሁ። ከዚያ ነው ወደ ራሴ የማመጣው። አድካሚ ነበር። ግን ቋንቋው ራሱ አድካሚ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ማታ አንድ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ስምን በረጅም ሐረግ ስለመግለጽ ነው። መጽሐፉ ቀስት እየሳለ፣ ቃላቱን ከፊት ወደ ኋላ እያገለበጠ ገጽ ተኩል አብራራ። ምሳሌው “ኪኖ ካታ ሆን” የሚል ነበር። ኪኖ ትናንት ነው። ካታ መግዛት ነው፣ በኃላፊ ጊዜ። ሆን መጽሐፍ ነው። ቀስቶቹን ተውኩና ቃላቱን በተራቸው፣ ሳላገለብጥ፣ በአማርኛ አነበብኳቸው። ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ።

በቃ። ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም! ገጽ ተኩሉ የተጻፈው “መጽሐፉ” የሚለውን አስቀድሞ ለሚናገር ሰው ነው። ለእኔ አልነበረም።

ያን ማታ አልተኛሁም። የተማርኳቸውን ምዕራፎች ከመጀመሪያው ጀምሬ በአማርኛ አነበብኳቸው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እንደኛ። “ኩሩ ቶ ኢታ” ይላሉ፤ “ይመጣል አለ” ነው፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ጀማሪን ሁሉ የሚያስለቅሰው “ዋ” የሚሉት ትንሽ ቃል አለ፤ የምናወራበትን ነገር ለይቶ የሚያቆም። “አናታ ዋ?” ሲሉ ምን ማለት ነው? “አንተስ?” ማለት ነው። ያች “ስ” የምትሠራውን ሥራ “ዋ” ይሠራል። ሁሌ አይደለም፤ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ “ቴ” የሚሉት የግሥ ቅርጽ ነው። ጃፓንኛ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፉ እንደ ዘፈን አስሸምድዶኛል። ስሙ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው፤ በትምህርት ቤት ሰዋስው ቦዝ አንቀጽ የምንለው ነው። ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ወጣ። እነሱም እንዲሁ ነው የሚደረድሩት፤ ማሰሪያው የመጨረሻው ግሥ ነው። መብላት “ታቤሩ” ነው፤ “በልቶ” ደግሞ “ታቤቴ” ነው።

አሁን ይህን ስሙ። “ታቤቴ ሚሩ” ይላሉ። ሚሩ ማየት ነው። ቃል በቃል “በልቶ ማየት” ነው። መጽሐፉ “መሞከር የሚል ትርጉም ይጨምራል” ብሎ እንደ ልዩ ነገር ያስተምረዋል። እኛስ ምን እንላለን? በልቼ ልየው። ለብሼ ልየው። ጠይቄ ልየው። ማየትን ለመሞከር የሚጠቀም ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሌላም አለ። “ኢሩ” ማለት ሕይወት ላለው ነገር “አለ” ማለት ነው። “ሱዋቴ ኢሩ” ሲሉ ተቀምጦ አለ፤ ማለትም ተቀምጧል። የእኛም “ተቀምጧል” ውስጡ ሲታይ “ተቀምጦ” እና “አለ” ነው። እኔ ግን በእንግሊዝኛው በኩል ስለመጣሁ “ቴ ኢሩ” ያየሁበትን ሁሉ “እየ... ነው” ብዬ እተረጉም ነበር። “ኬኮን ሽቴ ኢሩ” የሚለውን ለወራት “እያገባ ነው” ብዬ ነው የተረዳሁት። አግብቷል ማለት ነው! “ሽንዴ ኢሩ”ም እየሞተ ነው አይደለም፤ ሞቷል ነው። “ታቤቴ ኢሩ” ግን እየበላ ነው ይሆናል፣ ስለዚህ ሁሉንም አይፈታም። ቢሆንም ግማሹ ግራ መጋባቴ የጃፓንኛ ሳይሆን የመንገዴ ነበር።

ስለ ጊዜ ሲጠየቅ ሁሉም የሚጠቅሰው አንድ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ለጃፓንኛ 2,200 የትምህርት ሰዓት ይመድባል። ቁጥሩ እውነት ነው። የተለካው ግን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እኛን ማንም አልለካንም። ስለዚህ ያ ቁጥር አያስፈራችሁ።

ስለ ፊደሉ ብዙ አልቆይም። ሂራጋና 46 መሠረታዊ ሆሄ አለው፤ ካታካናም እንዲሁ። ሆሄው እንደኛ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ይይዛል፣ ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ አይሆንባችሁም። ልዩነቱ፣ የእኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ የቤተሰብ መልክ አላቸው፤ የእነሱ ካ፣ ኪ፣ ኩ አይመሳሰሉም። በሁለት በሦስት ሳምንት ይያዛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ደስ ይለኛል። “ኪቴ” የሚለው ቃል ቴው ሲላላ “መጥቶ” ወይም “ለብሶ” ነው። ሲጠብቅ ቴምብር ነው። ሌላው ተማሪ ይህን ለመስማት ጆሮውን ያሠለጥናል። እኛ “አለ” ስንል ላልቶ መናገር፣ ጠብቆ መኖር መሆኑን ሳናስብ የምንለይ ሰዎች ነን። እንዲያውም እነሱ ማጥበቂያውን በትንሽ ሆሄ ይጽፉታል። እኛ አንጽፈውም፤ ከዐውዱ ነው የምናውቀው።

እንግዲህ መሐሉ ላይ ደረስን።

ፈተናው፣ ጄኤልፒቲ፣ በ1984 ሲጀመር አራት ደረጃ ነበረው። በ2010 አምስት ሆነ። የተጨመረው ኤን3 ነው። ለምን? ከታችኞቹ ወደ ላይኞቹ ያለው እርምጃ ከመጠን በላይ ሰፊ ስለነበር ነው። ይህን ሳውቅ እፎይ አልኩ። መሐል ላይ ገደል እንዳለ ፈታኞቹም ያውቃሉ ማለት ነው። “ሰነፍኩ ይሆን?” ብላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ሁሉ ይህን ስሙልኝ። በጀማሪነት ጊዜ አሥር ቃል ስታውቁ ዓለም በእጥፍ ይሰፋል። መሐል ላይ አንድ ሺህ ቃል ጨምራችሁም ዜናው ዛሬም አይገባችሁም። እያደጋችሁ ነው፤ ግን አይታያችሁም።

እኔ ኤን2 ላይ ወድቄአለሁ። ማለፊያው ከ180 ነጥብ 90 ነው። 98 አመጣሁ። ወደቅሁ። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ60 ይታረማል፤ በእያንዳንዱ ቢያንስ 19 ካልመጣ ድምሩ አያድንም። ማዳመጥ ላይ 17 ነበረኝ። ውጤቱን ያየሁ ዕለት በጣም አዘንኩ። በኋላ ግን ልክ መሆኑ ገባኝ። ሁለት ዓመት አንብቤ ነበር፤ አላዳመጥኩም።

እዚህ ላይ አማርኛዬ አልረዳኝም። እንዲያውም አሳሳተኝ። በእኛ ግሥ ውስጥ ባለቤቱ አለ። ሄድኩ፣ ሄደች፣ ሄዱ፤ ማን እንደሄደ አንጠይቅም። የጃፓንኛው “ኢታ” ግን “ሄደ” ነው፣ “ሄድኩ” ነው፣ “ሄዳችሁ” ነው። ማን? ከንግግሩ መሐል ፈልጉት። በጽሑፍ ወደ ላይ ተመልሼ እፈልገዋለሁ። በድምፅ ግን ንግግሩ ጥሎኝ ያልፋል። ፈተናው ላይ ደግሞ ቅጂው አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው።

ምን አደረግሁ? በየቀኑ ሩብ ሰዓት። አጭር ንግግር እከፍታለሁ፣ ተናጋሪውን ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ሻዶዊንግ ይሉታል። ካበቃሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ማን ምን አደረገ? የመጀመሪያው ወር ምንም አልነበረም። በአራተኛው ወር አንድ ቀን እየሰማሁ እንደሆነ ሳላስተውል ሰማሁ። በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ፈተና ንግግር የለውም፣ ሁሉም ምርጫ ነው። ኤን2 ይዞ ስልክ ማንሣት የሚፈራ ሰው አውቃለሁ፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ። አፋችሁን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዱት።

ካንጂስ፣ ከቻይና የመጡት የቃል ምልክቶች? መንግሥት ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ያወጣው ዝርዝር 2,136 ነው። ሁሉንም የሚያስመርረው ብዛቱ አይመስለኝም። አንዱ ምልክት ብዙ ንባብ መያዙ ነው። የውኃ ምልክት ብቻውን ሲሆን “ሚዙ” ይነበባል። በጥምር ቃል ውስጥ ግን “ሱይ” ይሆናል። ሚዙ የራሳቸው ቃል ነው፣ ሱይ ከቻይና የመጣ። ይህ የገባኝ በግዕዝ ነው። ለውኃ አንድ ሥዕል ብቻ ቢኖረን ብላችሁ አስቡ። ብቻውን ሲሆን “ውኃ” ብለን እናነበዋለን። “ማየ አይኅ” ወይም “ማየ ሕይወት” ውስጥ ሲገባ ግን “ማየ” እንለዋለን። ሥዕሉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ጃፓንኛና ቻይንኛ ዘመድ ቋንቋዎች ስላልሆኑ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። ግን ከዚያ ወዲህ “ለምን ሁለት ንባብ?” ብዬ አልተማረርኩም። እኔም በሁለት ንባብ ነው ያደግሁት። ምክሬ አንድ ነው፤ ንባብ ለብቻው አትሸምድዱ። ቃሉን ያዙ፣ ንባቡ አብሮ ይመጣል።

ከኤን2 በኋላ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አክብሮት። እኛ አንተና እርስዎ ስላለን “ይህ የእኛ ቤት ነው” ብዬ ነበር የገባሁት። መብላት “ታቤሩ” ከሆነ፣ ለሚከበር ሰው “መሺአጋሩ”፣ ለራስ በትሕትና ሲሆን “ኢታዳኩ” ነው። ይህ ይያዛል።

ያልያዝኩት ሌላውን ነው። ከአስተማሪዬ ጋር የስልክ ልምምድ እናደርግ ነበር። እሷ የውጭ ደንበኛ ናት፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ። “የክፍል ኃላፊው አሉ?” አለችኝ። እኔም በምችለው ሁሉ አክብሬ “ኢራሻይማሴን” አልኩ። የሉም ማለት ነው፣ በአክብሮት። አስቆመችኝ። ለውጭ ሰው ሲነገር አለቃህ ያንተ ወገን ነው፣ ራስህን እንደምታወርድ እሱንም ታወርዳለህ አለችኝ። “ኦሪማሴን” በል፤ ከስሙ ላይ “ሳን” የሚለውን የአክብሮት ቅጥያም አውጣ። እነሱ ውስጡን “ኡቺ”፣ ውጩን “ሶቶ” ይሉታል። የአክብሮቱ ቃል የሚመረጠው የማወራው ለማን እንደሆነ ታይቶ ነው። እኔ የለመድኩት ስለማን እንደማወራ ማየት ነው። ትልቅ ሰው በሌለበትም አንቱ ነው። ለወራት “ኦሪማሴን” ባልኩ ቁጥር አለቃውን የሰደብኩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ይይዘኛል።

አሁን ከመጻሕፍቱ ጎን አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። ለፈተናው አይጠቅምም። የጥንት ግጥማቸውን በማብራሪያ እየታገዝኩ ማንበብ ነው። በ31 ድምፅ የሚያልቁ አጫጭር ግጥሞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት “ማጹ” የሚል ቃል አገኘሁ። ማጹ ጥድ ነው። ስለ ተራራና ስለ ጥድ እያነበብኩ ወደ ታች ወረድኩ። ከዚያ ማብራሪያው ላይ ቆምኩ። ማጹ መጠበቅም ነው። ዛፉ ቆሟል፣ ሰውዬውም እየጠበቀ ነው፣ ሁለቱም በአንዲት ቃል። የዚህ ዓይነቱን ቃል “ካኬኮቶባ” ይሉታል።

እኔ ስሙን በሌላ ቋንቋ አውቀዋለሁ። ኅብረ ቃል።

ግጥሙን ከላይ ጀመርኩና እንደገና አነበብኩት፤ አሁን ሰሙን ትቼ ወርቁን እየፈለግሁ። ሁለት ቃል አገኘሁ። ሦስተኛ እንዳለ ማብራሪያው ይላል። ገና አላየሁትም። ሳላየው መልሱን ላለማንበብ ገጹን አጥፌዋለሁ። እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ካገኘሁት እነግራችኋለሁ። ደህና ቆዩ።