ጠዋት ወጥተን ማታ እስክንመለስ ውሻው ምን ይሁን?

የአድማጮች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ፣ ከጎንደር

በቅዳሜ ጠዋቱ የስልክ ሰዓታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉልኝ ላምና በግ ያላቸው ናቸው። በዚህ ሳምንት ግን ርዕሱ ቤት ብቻውን የሚውል ውሻ ሆነና ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አየር ላይ የመለስኩትንም፣ ሰዓት አልቆብን የቀረውንም አንድ ላይ አስፍሬዋለሁ። እያንዳንዱን ደዋይ አስቀድሜ «ውሻው ተከትቧል?» እያልኩ የማደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ «ዶክተር፣ ተማሪ ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይቼ የ2 ወር ተኩል ቡችላ አሳድጋለሁ። ትምህርት ስሄድ ሲያለቅስ ስለሚውል አከራዬ ‹ወይ እሱን ወይ ቤቱን› ብላኛለች። ጓደኛዬ በኬጅ ዝጋበት ይለኛል። እንዲህ አድርጎ መዝጋት ኃጢአት አይሆንም?»

መልስ፦ ልጄ፣ ካወቅህበት ኃጢአት የለበትም። ኬጅ በር ያለው የሽቦ ወይም የእንጨት ቤት ነው። ውሻ ጠበብና ጨለም ያለ ጥግ ይወዳል፤ አልጋ ሥር የሚገባው፣ ማጀት ከጆንያው ኋላ የሚሸጎጠው ለዚህ ነው። ኬጁ ቆሞ ጭንቅላቱ ጣራውን የማይነካበት፣ መዞርና እግሩን ዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ይሁን። ከዚያ በላይ አታስፋው፤ በአንዱ ጥግ ተኝቶ በሌላው ጥግ ይሸናል።

አሁን የሚበላሸው ቦታ እዚህ ነው። ሰዎች ኬጁን ገዝተው ወይም አሠርተው በዚያው ቀን ቡችላውን ወርውረው ዘግተው ይሄዳሉ። እንደዚያ ካደረግህ ዕድሜ ልኩን እስር ቤት ነው የሚመስለው። የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ቀናት በሩን ጨርሶ አትዝጋ። ምግቡን እዚያው ውስጥ አድርግለት፣ የተኛበትን ጨርቅ አንጥፍለት፣ እንዳሻው ይግባ ይውጣ። ራሱ ገብቶ ማሸለብ ሲጀምር፣ እየበላ ሳለ ዝጋና በልቶ ሲጨርስ ክፈት። ቀጥሎ አንተ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለህ 5 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ በሩን ወጥተህ ተመለስ። እንዲህ እያልክ ታረዝመዋለህ። ሲያለቅስ ሮጠህ አትክፈት፣ ዝም ባለባት ቅጽበት ክፈት። ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚያለቅስ ቡችላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ መጥቶ ነው፤ አውጣው፣ ይሽና፣ ሳታጫውተው መልሰው።

ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል ለሚለው፣ በወር ዕድሜው ላይ 1 ጨምር። የአንተው ቡችላ ቢበዛ 3 ሰዓት ገደማ ነው ሽንቱን የሚይዘው፤ ያም ከፍተኛው ነው። እንግዲህ ጠዋት ወጥተህ ማታ የምትገባ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ መጥተህ ወይም ጎረቤት ለምነህ ማውጣት ግዴታህ ነው። ይህን ካልቻልክ ቡችላውን ለሚችል ሰው ስጥ፤ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። ኬጅ ውስጥ ስታስገባው የአንገት ማሰሪያውን ፍታ፣ ሽቦው ላይ ተጠልፎ ይታነቃል። ለቅጣትም አትጠቀምበት። 3 ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ከአሁኑ ቀኑን ጻፍ።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ «ሥራ ውለን ስንመለስ ጫማና ትራስ ቀዳዶ ይጠብቀናል። ተናዶብን ነው አይደል? ስንቆጣው እኮ ጥፋቱን አውቆ አንገቱን ይደፋል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ውሻ አይበቀልም። አንገቱን የሚደፋው ፊትሽ ስለተለወጠ ነው፤ ትራሱን ከቀደደ 5 ሰዓት አልፎታል፣ ቁጣሽን ከትራሱ ጋር አያገናኘውም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እመቤቴ በር ከፍታ ስትገባ አደጋ አለ»። በማግስቱ ጭንቀቱ ይብሳል፣ የሚቀድደውም ይበዛል።

ስልክሽን ደግፈሽ አስቀምጪና ከወጣሽ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ቅረጪ። ገና ከመውጣትሽ በር የሚቧጥጥ፣ የሚያለከልክ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የተውሽለትን ምግብ ዞር ብሎ የማያይ ከሆነ ብቸኝነት አስፈርቶታል። ተኝቶ ተኝቶ ረፋድ ላይ ተነስቶ ጫማ የሚያነሳ ከሆነ ሥራ ፈቶ ነው። ሥራ ለፈታው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመውጣትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት አስሩጪው፣ ቁርሱን በሳህን ከመስጠት ድርቆሹን ሰባብረሽ ግቢው ውስጥ በትኝለት፤ እያሸተተ ሲለቅም ይውላል፣ ጫማውንም ይረሳል።

ለፈራው ግን ትዕግሥት ነው። ቁልፍሽን አንሺና መልሰሽ ቁጭ በይ። ነጠላሽን ልበሺና ቡና አፍዪ። ቁልፍና ነጠላ መለያየትን የሚያበስሩ መሆናቸው ይቅር። ከዚያ ለ1 ደቂቃ ውጪ፣ ለ3፣ ለ5። ስትወጪም ስትገቢም መሰናበቻና መሳሳም አታብዢ። እንደዚህ የሚጨነቅን ውሻ ኬጅ ውስጥ አትዝጊበት፤ ጥርሱንና ጥፍሩን ሽቦው ላይ ሰባብሮ በደም ተነክሮ የመጣልኝን አይቻለሁ። በ1 ወር ካልተሻለው ሐኪም ጋ አምጪው። ስትመጪ የክትባት ካርዱን ያዢ።

ጥያቄ፦ «ሬዲዮ ከፍተንለት ብንሄድስ?»

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጉት።

ጥያቄ፦ «በፆም ውሻዬ ሥጋ ይብላ?»

መልስ፦ ይብላ፤ ውሻ አይጾምም። ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ ግን በፍስክም አትስጡት፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል።

ጥያቄ፣ ከአንዲት እናት፦ «እኛ ውሻ ከቤት አናስገባም፣ ልማዳችንም እምነታችንም አይደለም። ቆርቆሮ ቤት ሠርተንለት እዚያው ተዘግቶ ይውላል። ሰሞኑን ግን ስመለስ ፈዝዞ አገኘዋለሁ።»

መልስ፦ እናቴ፣ ቤት አስገቡት ብዬ አልከራከርዎትም። በረንዳ ላይም ጥሩ ኑሮ አለ። ችግሩ ቆርቆሮው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የጎንደር ፀሐይ ያረፈበትን ቆርቆሮ እስኪ በመዳፍዎ ይንኩት። ውሻ እንደ እኛ ገላው አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ የተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ የሚተነፍሰውም አየር ይግላል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ግድም ነው፣ 41 ካለፈ ሞት አጠገብ ደርሷል። ከእንጨት ይሠሩለት፣ ወይም ቆርቆሮውን ከላይ ሣር ያልብሱትና ዛፍ ሥር ያዙሩት፣ ከመሬት አንድ ጡብ ያህል ከፍ ይበል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሥሩ እንዲያልፍ። ውሃው የማይገለበጥ ከባድ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ፈዝዞ ካገኙት ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ ሆዱንና እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ ያርጥቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ። ተከትቧል? አልተከተበም ካሉ በዚያው ይከተብ።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ «ዶክተር፣ ውሻችን ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ እንፈታዋለን። ኃይለኛ እንዲሆን ነው። ባለፈው እሁድ ሁላችንም ለቅሶ ሄደን ሳለ ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤት ልጅ እግሩ ላይ ነከሰ። ብዙም አይደለም፣ ጫር ነው ያደረገው። ልጁን ጠበል ወስደውታል፣ ባለመድኃኒትም አይቶታል። ውሻውን እንግደለው ወይስ እንተወው? ከግቢ ስለማይወጣ አላስከተብነውም።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከውሻው በፊት ስለ ልጁ። ይህን ጥሪ እንደጨረስክ ከወላጆቹ ጋር ሆናችሁ ልጁን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ነገ አትበል።

«ጫር ነው ያደረገው» የምትለዋን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደሰማኋት! የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ምራቅ ውስጥ ካለ ቫይረስ ነው፤ ለመግባት ትልቅ ቁስል አይፈልግም፣ የተላጠ ቆዳ ይበቃዋል። ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ለዚህ ነው ፊትና ጭንቅላቱ ላይ የተነከሰ ቶሎ የሚታመመው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ለመታየት ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴም ያጥራል፣ አንዳንዴም ይረዝማል። ይህ ጊዜ ነው ለእኛ የተሰጠን ዕድል። ክትባቱ በዚህ መሐል ከደረሰ ልጁ ይድናል። ውሃ አይቶ መደንገጥና መዋጥ አለመቻል ከጀመረ በኋላ ግን ሐኪም ቤቱም የሚያደርገው የለም ማለት ይቻላል። እሁድ ተነክሶ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን አልመሸም።

ጠበል ለምን ወሰዱት አልልም። እኔም እዚሁ ጎንደር ጠበል እየተጠመቅሁ ያደግሁ ነኝ። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ክትባቱንም ይከተብ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ባለመድኃኒቱን ግን እቃወማለሁ። ሥሩን ቀጥቅጦ የሚያጠጣው ሰው ልጁን ባይጎዳው እንኳ ቀኖቹን ይበላበታል፤ ብዙ ውሻ ጤነኛ ሆኖ ስለሚነክስ ደግሞ ያልታመመውን «አዳንኩት» ይላል። በልጅነታችን ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን ያን ሁሉ መርፌ እያሰባችሁ ከፈራችሁ፣ አሁን ያለው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ውሻ እንደነከሰ የመጀመሪያው ሕክምና እናንተው እጅ ላይ ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። ሰዓት ይዛችሁ፣ 15 ደቂቃ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ ጋዝ ምናምን አትነስንሱበት።

ውሻውን አትግደሉት። ይህን ስል የሚገርማቸው ብዙ ናቸው። ለውሻው ብቻ አዝኜ አይደለም፤ ምስክራችን ስለሆነ ነው። ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ለብቻው ዝጉበት፣ ምግብና ውሃ ሳትነኩት ስጡት። 10ኛው ቀን ድረስ ጤነኛ ሆኖ ከኖረ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የልጁን ክትባት ማቆም ይችል እንደሆነ ያኔ ይወስናል። ልጁ ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፣ ዛሬ ይጀምራል። ውሻው ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ከሞተ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፣ በእጃችሁ አታንሱት።

«ከግቢ አይወጣም» ላልከኝ፣ እሱ ባይወጣ ሌላው ይገባል። በአጥር ሥር ሾልኮ የሚገባውን የመንገድ ውሻ፣ ድመቱን፣ ማታ ማታ ከተማው መሐል ድረስ የሚመጣውን ጅብ ማን ያስቆመዋል? በአንዲት መርፌ፣ በዓመት አንዴ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ እየኖርን ያልተከተበ ውሻ ሲነክስ ስሰማ አንጀቴ ያራል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ይውላል፤ ለማስታወስ ከከበዳችሁ ደመራው በተለኮሰ ሰሞን አስከትቡ።

ሰንሰለቱስ? ወንድሜ፣ ሰንሰለት ጠባቂ አያወጣም። የታሰረ ውሻ የሚፈራው ነገር ሲመጣበት መሸሽ አይችልም፤ የቀረው መንገድ መንከስ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጆች በአጥር ቀዳዳ ድንጋይ ሲወረውሩበት ይውላል፣ የሚያውቀው ልጅ ሁሉ ጠላት ይሆንበታል። በተፈታ ቀን ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የሚጮኸው ቤቱን ቤቴ ብሎ ስለያዘው ነው፣ ስለታሰረ አይደለም። በሽቦ መረብ ጥግ ከልሉለትና በውስጡ ይፈታ። ይህ እስኪሠራ መታሰሩ ግድ ከሆነ፣ ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ረጅም ማሰሪያ፣ ሰፊ የአንገት ቀበቶ፣ ጥላና ውሃ የሚደርስበት ቦታ፤ ያውም ለጥቂት ሰዓት። ቀጭን ሽቦ አንገት ላይ አታስሩ፣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቆርጬ አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፣ ከአራዳ፦ «ለጥምቀት ከከተራ ጀምሮ ቤት አንውልም፤ ፋሲል መዋኛ ነው የምናድረው። ውሻዋ ደግሞ ተኩስና ርችት ስትሰማ አጥር ትዘላለች።»

መልስ፦ በጥር 10 ጠዋት በደንብ አንሸራሽሯት፣ ከሰዓት ከወዲያ ግቢ አትተዋት። መስኮቱ የተጋረደ ክፍል ወይም የለመደችው ኬጅ ውስጥ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋችሁበት። አደራ፣ ኬጅ ያልለመደች ከሆነ በበዓሉ ቀን አታስጀምሯት። አንድ ሰው በየ4 ሰዓቱ መጥቶ ያውጣት፤ ቤተ ዘመድ ተራ ይግባ። በግ ስታርዱ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ አትወርውሩላት። ውስጡ ያለው እጭ ውሻዋ አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከእዳሪዋ ወደ ልጆቻችሁ እጅ ይመጣና በእነሱ ጉበት ላይ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። ቅበሩት፣ በጥልቁ፤ ወይም አቃጥሉት።

ጥያቄ፣ ሰዓት ካለቀብን በኋላ የደረሰን፦ «ቀኑን ብቻውን ውሎ ስመለስ አገጩ ወርዶ፣ ምራቁ እየተንጠባጠበ፣ ድምፁ ጎርንኖ አገኘሁት። አይቆጣም፣ ዝም ብሎ ጥግ ይዟል። አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት መሰለኝ። እጄን አስገብቼ ላውጣው?»

መልስ፦ እጅህን አታስገባ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ እየሮጠ አይናከስም፤ እንዲህ ዝም ብሎ፣ መንጋጋው ሽባ ሆኖ የሚመጣም አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። አጥንትም ሊሆን ይችላል፣ ያንን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። በሩን ዝጋበት፣ ልጆቹን አርቅ። ዛሬ ምራቁ እጅህን ነክቶት ከሆነ በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጠብና ጤና ጣቢያ ሂድ። ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤትህ ድረስ እንዲመጣ ጥራ፤ ውሻውን ተሸክመህ አትምጣ።