ከደብተሩ በፊት እጁን እንይ
(ለአፀደ ሕፃናትና ለአንደኛ ክፍል መምህራን፣ እንዲሁም ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። የልጅ የእጅ ጽሕፈት የሚበላሸውም የሚቃናውም እርሳሱ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ማታ ደብተር ገልጦ «ምነው እንዲህ ሞነጫጨርከው!» ማለት ለልጁ የሚነግረው ነገር የለም። እርሳሱ ከየት ተነሣ? በየት ዞረ? የት ቆመ? ይህ የሚታየው አጠገቡ ቁጭ ብለን ሲጽፍ ስናየው ብቻ ነው።

ከአቀማመጡ እንጀምር። እግሩ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ከሥሩ መርገጫ አድርጉለት። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን ለመጠበቅ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ክንዱ የሰውነቱ ምርኩዝ ይሆንና እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ጠረጴዛው በክርኑ ትክክል ወይም ጥቂት ከፍ ይበል። የማይጽፍበት እጅ ሥራ ፈት አይሁን፤ ወረቀቱን ይያዝ።

እርሳሱ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ተይዞ በመሃል ጣት ጎን ላይ ያርፋል፤ ጣቶቹ ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በሙሉ እጁ ለሚጨብጥ ልጅ ደጋግሞ ከመናገር ይልቅ አምስት ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ እርሳስ ስጡት። ለአምስት ጣት የሚሆን ቦታ ስለሌላት በሦስቱ ለመያዝ ይገደዳል። አጥብቆ የሚጫን ከሆነም ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ መስመሩ ጎልቶ ከተሰማችሁ እጁ ቶሎ እየደከመ ነው ማለት ነው። ለስለስ ያለ እርሳስ ስጡት፤ ጀርባው ላይ ምልክት የማይተው ጽሕፈት ይሞክር።

ስለ ግራኞች ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ጊዜ የሚበደሉት እነሱ ናቸውና። ግራኝን ወደ ቀኝ እጅ ማስገደድ ተገቢ አይደለም። ጽሕፈታችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እጁ የጻፈውን ይሸፍንበታል። የጻፈውን ለማየት ሲል አንጓውን ከመስመሩ በላይ አጥፎ እንደ መንጠቆ ያቆለምመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ከደረቱ መሃል ወደ ግራ አስጠጉለት፣ የላይኛውን ጫፍ ወደ ቀኝ አዘንብሉት፣ እርሳሱን ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይያዝ፣ እጁም ከመስመሩ በታች ይሁን። በጋራ ጠረጴዛ ላይ በግራ ጫፍ ይቀመጥ፤ አለዚያ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ሲጋጭ ይውላል።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ናቸው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ማስቀዳት ልጁን ያደክመዋል። የፊደሉን አካሄድ ካሳየነው ግን ሸክሙ ይቀላል። በ ን እንውሰድ። ካዕቡ ቡ በቀኝ ጎኑ ወገብ ላይ ጭረት ያወጣል። ሣልሱ ቢ ጭረቱን በቀኝ እግሩ ግርጌ ያደርጋል፤ ኃምሱ ቤ በዚያው ቦታ ቀለበት ይይዛል። ሱ፣ ሲ፣ ሴም እንዲሁ ናቸው። ሩ እና ፉ ከመንገዱ ይወጣሉ፤ ሳድሶችም ብ፣ ል፣ ን እያሉ የየራሳቸውን መልክ ይይዛሉና እነሱ ለብቻቸው ይጠኑ።

ልጆችን በጣም የሚያስቸግሩት ራብዕና ሳብዕ ናቸው። ባ ላይ ቀኝ እግር ይረዝማል፣ ቦ ላይ ግራው፤ ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮ ላይም ይኸው ነው። እዚህ ሁለት ስሕተት ይገጥማችኋል። አንዱ ግራና ቀኙን ማለዋወጥ ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። ሁለተኛው ሁለቱን እግሮች እኩል ጽፎ ኋላ አንዱን መቀጠል ነው፤ ልዩነቱ ኢምንት ይሆንና ባ ተመልሶ በ ይመስላል። ልጁ አጭሩን እግር የረጅሙ ግማሽ ያህል ላይ እንዲያቆም ንገሩት። ረጅሙ መስመሩን ይርገጥ፣ አጭሩ አየር ላይ ይቅር። እግር ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይሳብ።

በነጠብጣብ የተሠራ ፊደል ላይ ማስኬድን በልኩ አድርጉት። ልጁ ዐይኑን ከነጥብ ወደ ነጥብ እየወረወረ ያገናኛል እንጂ የፊደሉን ጉዞ አይይዝም፤ ነጥቡ ሲነሳ እጁም ይጠፋዋል። የሚሻለው እናንተ ቀስ ብላችሁ ስትጽፉ ማየቱ፣ ቀጥሎ በጣቱ አየር ላይ መጻፉ፣ ከዚያ ፊደሉን ሸፍኖ ከትውስታ መጻፉ ነው። ሲገልጠው ራሱ ያስተያየው።

የመስመሩ ስፋት መጀመሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ እጁ ሲረጋ ይጥበብ። በቃልና በቃል መካከል የራሱን አመልካች ጣት ውፍረት ያህል ይተው። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ አንድን ፊደል አንድ ገጽ ሙሉ ማስጻፍ ጉዳት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ያለውን ብታዩ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ልጁ እየተለማመደ ያለው ያንን የደከመውን ነው። አምስት ጊዜ ይጻፍ፤ ከአምስቱ የተሻለውን ራሱ መርጦ ያክብበው፤ ለምን እንደመረጠውም ይንገራችሁ።

አሁን በየጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን እርሳስ በማትጽፉበት እጅ ያዙ። ባ እና ቦ እያፈራረቃችሁ አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እንቀበላለን።