ሥሩ እሳት ይወዳል፣ ሎሚው አይወድም፦ የዝንጅብል፣ የእርድና የሎሚ መጠጥ አዘገጃጀት

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን በማለዳ። ጋቢ የደረቡ ሰዎች መንገድ ላይ።)

ጥቅምት ሲገባ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካ መታወቋ የዋዛ አይደለም። ጉንፋን ብቅ ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፤ አንዱ ፌጦ ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር። ዛሬ እርጥብ ዝንጅብል፣ እርጥብ እርድና ሎሚ ይዘናል።

ብዙ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ድስት ውስጥ ከትቶ ያንተከትከዋል። ሎሚው የሚበላሸው እዚያ ነው።

(ምስል፦ ዝንጅብል በማንኪያ ሲፋቅ።)

100 ግራም ዝንጅብልና 50 ግራም እርድ በቂ ነው። ዝንጅብሉ ያልተጨማደደ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል ይሁን። በቢላ አትላጡት፣ ሥጋው አብሮ ይሄዳል። በሻይ ማንኪያ ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። እርዱን ስትይዙ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ። ጣት ቢጫ ሆኖ ይሰነብታል፤ ነጠላ ላይ ካረፈማ አለቀ።

ሁለቱንም በሙቀጫ ወቀጥ አድርጉና 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩ። አምስት ስድስት ፍሬ ቁንዶ በርበሬም ከትከት አድርጋችሁ ጣል አድርጉ። ለማቃጠል ብቻ አይደለም። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ብቻውን ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም፤ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ያግዘዋል።

(ምስል፦ ድስቱ ሲንተከተክ።)

አሁን የደጋ ሰው ልብ ይበል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ያለች አክስታችሁ 15 ደቂቃ ካለቻችሁ፣ እናንተ 25 አድርጉት። እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ክዳኑም ይከደን። የመንዝ ጦስኝ ቤት ውስጥ ካለ፣ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ቁንጥር ጨምሩበት። እኔ ያለ ጦስኝ አልጠጣውም።

(ምስል፦ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠለል፣ ከዚያ ሎሚ ሲጨመቅ።)

አውርዱትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ዕቃው እጅ እስኪችለው ድረስ ይቀዝቅዝ። የአራት ሎሚና የአንድ ብርቱካን ጭማቂ የሚገባው ያኔ ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይችልም፤ የሎሚው ሽታም በእንፋሎት ይበናል። ጭማቂውን አልሙኒየም ድስት ውስጥ አትጨምሩ። አሲዱ ብረቱን ይነካካዋል። የመስታወት ጠርሙስ ይሻላል፤ ፕላስቲክ በእርዱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ማሩን በመጨረሻ፣ እንደ ጣዕማችሁ።

ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ጠዋት ግማሽ ሲኒ በሞቀ ውሃ አቅጥኖ መጠጣት ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያሞቃል፤ ጉንፋኑን ግን አያባርርም። የሚያባርር ነው ያላችሁን አትስሙት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች አስቀድማ ሐኪም ታማክር። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር በፍጹም አይሰጥም።

ጨርቁ ላይ የቀረውን ዝንጅብል አትጣሉት። ለማታ ሻይ አንድ ጊዜ ይፈላል።